የአባዬ ካፖርት የተቆረጠበት ገና

ባለፈው ሳምንት የልጄን ዩኒፎርም ለማሳጠር አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ካለ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር። ሰውየው የሱፍ ኮት ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ በካውያ ሲጫነው እንፋሎቱ ቡልቅ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ከጎን ካለው ዳቦ ቤት የትኩስ ብስኩት ሽታ በክፍቱ በር ገባ። ሁለቱ ሽታዎች አንድ ላይ ሲመጡብኝ ሰውየው “ስንት ጣት ላሳጥረው?” ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ። አርባ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴትዮ፣ በቁሜ ሴቻ ሰፈር ወደነበረው ቤታችን፣ ወደ ሰባት ዓመቴ ታኅሣሥ ሄጄ ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ እማዬ የስፌት መኪናዋን ከጓዳ አውጥታ ማንጎው ጥላ ሥር ታስቀምጣለች። ዓመቱን ሙሉ ከልብስ ሰፊዎች ስትለምን የከረመችውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ከነማዳበሪያው ትዘረግፈውና እኔና እህቴ ጽጌ ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ እየለየን እንከምራለን። እሷ ደግሞ እየገጣጠመች ሰፍታ፣ መሀሉ ላይ ጥጥ አስተኝታ፣ ከሥር አቡጀዲ ገበር አድርጋ ብርድ ልብስ ታደርገዋለች። በዚያ ላብ በሚያሰምጥ የአርባ ምንጭ ሙቀት ብርድ ልብስ ስትሰፋ የሚያዩ ጎረቤቶች ሳይስቁባት አያልፉም። እሷ ግን የብርዳማው የጨንቻ ደጋ ልጅ ናት፤ “እናንተ እዚያ ላይ አድራችሁ አታውቁም” ትላለች ቀና ሳትል። አንድ ሰው የሠራችውን “ድሪቶ” ብሎ ከጠራባት ግን መኪናውን ታቆምና፣ ድሪቶ ያገኘውን የሚለጥፍ ሰው ሥራ እንደሆነ፣ እሷ ግን መርጣ እንደምትሰፋ እስኪገባው ድረስ ታስረዳዋለች። ብርድ ልብሶቹ የገና ሰሞን አባዬ በሚነዳው የጭነት መኪና ተጭነው ወደ ጨንቻ ይወጡና፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ይታደላሉ።

ስፌቱ ሲያልቅ ብስኩት ነው። ዱቄቱን በቅቤ፣ በእንቁላልና በስኳር እናሻለን፣ የሎሚ ልጣጭ እንፍቅበታለን፣ ከዚያ በሻይ ብርጭቆ አፍ እየቆረጥን ትሪ ላይ እንደረድራለን፤ ጽጌም ተሸክማ ዳቦ ቤት ታስጋግረዋለች። ችግሩ ጊዜው ጾም ነው። እማዬም አባዬም ጽጌም ስለሚጾሙ፣ ቅቤና እንቁላል ያለበትን ሊጥ መቅመስ የሚፈቀደው ገና መጾም ላልጀመርኩት ለእኔ ብቻ ነበር። ሦስቱም አፍ አፌን እያዩ ፍርዴን ሲጠብቁ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አላምጥና፣ ስኳሩ በቂ ቢሆንም “ትንሽ ይቀረዋል” እላለሁ። በሕይወቴ የዚያን ያህል ተሰሚነት አግኝቼ አላውቅም።

ሰባት ዓመት በሞላኝ ዓመት ጥቅምት ላይ አባዬ ሞተ። ወባ ነው። ሰኞ ራሴን አመመኝ ብሎ ተኛ፤ ቅዳሜ ቀበርነው። እማዬ ለቅሶው ላይ እንደ ሰው ደረቷን አልመታችም፤ ጎረቤቶች ልቧ ድንጋይ ነው ብለው ሲያሟት ሰምቻለሁ። ታኅሣሥ ሲገባ እንደወትሮው መኪናዋን ማንጎው ሥር አስቀመጠች። ግን የዚያን ዓመት ማዳበሪያውን ብቻ አልዘረገፈችም፤ የአባዬንም ሳጥን ከፈተች። ሸሚዞቹንና ሱሪዎቹን አንድ በአንድ እየዘረጋች ቆረጠቻቸው።

ጽጌ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የአባዬ ነፍስ እሷ ነበረች። መቀሱ ሸሚዞቹ ላይ ሲሄድ ቆማ አየችና ወደ ቤት ገብታ ካፖርቱን ከሳጥኑ አውጥታ ደበቀችው። አባዬ ወደ ደጋ ሲወጣ ብቻ የሚለብሰው ከባድ ቡናማ የሱፍ ካፖርት ነበር። ከአልጋችን ፍራሽ ሥር አደረገችው፤ እኔንም አስማለችኝ። እማዬ ገበያ ስትሄድ አውጥተን ፊታችንን አንገትጌው ውስጥ ቀብረን እናሸተው ነበር። ናፍጣ፣ አቧራና የአባዬን አንገት ይሸታል።

የብስኩቱ ቀን ጽጌ ትሪውን ይዛ ዳቦ ቤት እንደሄደች እማዬ ሳጥኑን እንደገና ከፈተች። ታች ላይ እያገላበጠች፣ ከአልጋዋ ሥር እየተንበረከከች ስትፈልግ አየኋት። ፊቷ ልክ አልነበረም።

“የአባትሽን ካፖርት አይተሻል?” አለችኝ።

ልጅ ነበርኩ። እንደ እኛ ልታሸተው የፈለገች መሰለኝ። እሷም ናፍቋት፣ እሷም ፊቷን ልትቀብርበት። ደስ ይላታል ብዬ እጇን ይዤ ወደ ፍራሻችን ወሰድኳት።

ካፖርቱን ከፍራሹ ሥር ጎትታ አወጣች። ከዚያ ወደ ማንጎው ሄደችና መጀመሪያ እጅጌዎቹን ቆረጠች።

ጽጌ ስትመለስ አንገትጌው ብቻ ነበር የቀረው። ትሪውን ትጥለዋለች ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

“አባዬን ቆራረጥሽው” አለች።

“ጨርቅ ነው፣ ጽጌ። የሚበርደው ሰው አለ።”

“እኔስ አይበርደኝም?”

እማዬ መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች። ጽጌ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። “አንቺ ነሽ” አለች። በገና ቀን ከብስኩቱ አንድም አልነካችም።

ብርድ ልብሶቹን የሚያደርስ አባዬ ስላልነበረ ከእማዬ ጋር በሰው መኪና ተጭነን ጨንቻ ወጣን። ጽጌ አልመጣችም። ጉሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አልገፈፈም ነበር፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። የካፖርቱ ጨርቅ ያለበት ብርድ ልብስ አንድ ዓይናቸው ለደከመ ሽማግሌ ደረሰ። በእጃቸው ዳብሰው ዳብሰው ቡናማው ጋ ሲደርሱ ቆሙና በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቋት። እሷም መለሰችላቸው። ሽማግሌው ብርድ ልብሱን አንስተው ሳሙት። ምን እንዳሉ ስጠይቃት፣ “የማን ነው አሉኝ፤ የባሌ ነው አልኳቸው” አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከታች ሐይቆቹ መታየት ሲጀምሩ፣ እኔን ሳታይ መናገር ጀመረች።

“እናንተ ትምህርት ቤት ስትሄዱ እለብሰው ነበር። በየቀኑ። በዚያ ሙቀት ለብሼው እቀመጣለሁ። ድስት አልጥድ፣ ቤት አልጠርግ፣ እናንተ ልትመጡ ስትሉ አውልቄ ሳጥን ውስጥ እመልሰዋለሁ። አንድ ቀን የእናንተን ድምፅ ከበር ሰምቼ ማውለቅ አቃተኝ፤ ጓዳ ገብቼ ተደበቅኩ። በዚያው ብቀር እናንተን ማን ያሳድጋል?” ከዚያ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። “ለጽጌ እንዳትነግሪ። እናቴ ልታብድ ነበር ብላ እንድትፈራ አልፈልግም።”

አልነገርኳትም። ጽጌ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች ሐዋሳ ሄደች፤ እዚያው ሥራ ያዘች፣ እዚያው አገባች። ለሠርጓ እማዬን የጠራቻት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ስትመጣ እማዬ ከበር ጀምራ እጇን እያሻሸች ምን ላብላሽ ትላታለች፤ ጽጌም በልቻለሁ ትላለች። ከዚያ ዓመት ወዲህ እቤታችን ብስኩት ተጋግሮ አያውቅም። ስፌቱን እማዬ ብቻዋን ቀጠለችበት፤ ዓይኗ መርፌ ቀዳዳ ማየት እስኪያቅተው ድረስ።

እማዬ የሞተችው ዓምና ነው። ጽጌ ለቀብር ደረሰች፤ አላለቀሰችም። ጎረቤት ሁሉ ከሄደ በኋላ ባዶው ድንኳን ውስጥ ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ሁሉንም ነገርኳት፤ እማዬ ካፖርቱን ለብሳ መቀመጧን፣ ማውለቅ ያቃታትን ቀን፣ መንገድ ላይ ያለችኝን።

“ስንት ዓመት ሆነሽ ይህን ካወቅሽ?” አለችኝ።

“ከዚያው ገና ጀምሮ።”

“እሷ በሕይወት እያለች?”

“እንዳትነግሪ አለችኝ።”

“ሰባት ዓመትሽ ነበር” አለች። “ከዚያ አደግሽ እኮ።”

ያኔ አለቀሰች፤ ወገቧን ይዛ፣ ድምፅ አውጥታ፣ ለቀብሩ ያልመጣው እንባ ሁሉ መጣ። እጄን ትከሻዋ ላይ ሳደርግ በቀስታ አንስታ ጭኔ ላይ መለሰችልኝ። በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ሄደች። እደውልላታለሁ፤ ታነሳለች፣ ስለ ልጆቹ ጤና እንጠያየቃለን፣ እንዘጋለን።

እህቴ ልክ ናት። አድጌ ነበር። የብስኩት ሊጥ ስቀምስ “ትንሽ ይቀረዋል” እያልኩ የምዋሽ ልጅ፣ እናቴ አንዴ አትንገሪ ስላለችኝ ብቻ ሠላሳ ምናምን ዓመት ቃሌን ጠበቅኩ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት እናትና ልጅ በአንድ ቤት እንደ እንግዳ ሲተያዩ በመሀላቸው ተቀምጬ ዝም አልኩ። እማዬ ያኔ አትንገሪ ያለችኝ ለዚያ ሳምንት ይሁን ለዕድሜ ልኳ፣ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።