ለደሴት ሴቶች የተጻፈ መደመር

ካሶንዴ የደም ስላይድ ቁጥር 214ን ማይክሮስኮፑ ሥር አስገብታ፣ ከቦታ ቦታ እያንቀሳቀሰች መቶ እይታ ቆጠረች። ቀና ብላ ዓይኗን አሸችና መቶ ደገመች።

«ምንም የለበትም፣ የሙቱንዳ አባት» አለች፣ ቺሳላን በልጁ ስም እየጠራች።

ቺሳላ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። «ቢሮ ከገባሽ ወዲህ ዓይንሽ ሰነፈ።»

«ያሠለጠኑት እርስዎ አይደሉ? ከሰነፈም ጥፋቱ የእርስዎ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁ ነበር። ካሶንዴ ከአውራጃው የመጣችው የቀድሞ መምህሯን ሥራ ልትቆጣጠር ነው። ወባ አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው ሃያ ስላይዶች ዐሥራ አንዱ ንጹሕ ሆነው ተገኙ። መዝገቡ ላይ ግን በዐሥራ አንዱም ፊት በቺሳላ እጅ ጽሑፍ አንድ መደመር፣ የ«ወባ አለ» ምልክት፣ ተጽፏል።

«ተሳስተው ነው እንዳልል አውቅዎታለሁ» አለች። «ዐሥራ አንዱም ከደሴቲቱ የመጡ ናቸው።»

ቺሳላ በዚህ የባንግዌሉ ሐይቅ ዳር ጤና ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ደም መርምሯል። ከደሴቲቱ የታመመ ልጅ ይዛ የምትመጣ እናት ግማሽ ቀን ትቀዝፋለች። ጤና መኮንኑ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ምልክት ካላየ የወባ መድኃኒት አይሰጥም። ባዶ እጇን የተመለሰች ሴት ዳግመኛ አትመጣም፤ ጎረቤቶቿንም ታስቀራለች። ስለዚህ አንድ ቀን ለአንዲቱ መደመር ጻፈላት። ምናልባት ዓይኔ ስቶት ይሆናል ብሎ ራሱን አሳመነ። ለሁለተኛዋ ሲጽፍ ግን ራሱን ማሳመን አላስፈለገውም። በዚያው ልማድ ሆነ። ምንም አልተቀበለበትም። አንድ ጊዜ የደረቀ ዓሣ ቢያመጡለት ተቆጥቶ መልሶታል።

ቁጥር 214 የንኮሌ ደም ነው። ሦስት ዓመቷ ነበር። ቶሎ ቶሎ ትተነፍስ እንደነበር ቺሳላ አይቷል። መኮንኑ ግን መደመሯን ሲያይ ደረቷን ሳያዳምጥ የወባ ክኒን ጽፎ ሸኛት። በአራተኛው ቀን ሞተች። ወሬውን ያመጣው ዓሣ ነጋዴ ነው።

«እናቷ ውጭ ናት» አለ ቺሳላ። «ትንሹን ልጅ ይዛ መጥታለች። ደሙን አሁን አየሁት፤ ንጹሕ ነው።»

«ምን ሊጽፉ ነው?»

የልጁን ወረቀት ይዞ ወጣ። ሴትዮዋ ልጇን ታቅፋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ስታየው ተነሣች።

«እንደ ባለፈው ይጻፉልኝ፣ አባባ። ለንኮሌ እኔ ዘግይቼባት ነው እንጂ መድኃኒቱስ ጥሩ ነበር።»

«አልዘገየሽም» አለ ቺሳላ። «የንኮሌ ደም ወባ አልነበረበትም። እያወቅሁ ነው የጻፍኩት፤ ባዶ እጅሽን እንዳትመለሺ ብዬ። ሕመሟ ደረቷ ላይ ነበር።»

ሴትዮዋ የልጁን ጨርቅ አስተካከለች። ጨርቁ ግን አልተዛባም ነበር።

«አልውጥም ስትል አፍንጫዋን ይዤ ነው ያስዋጥኳት» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ።»

ቺሳላ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። ወረቀቱ ላይ «ወባ የለም» ብሎ ጻፈና ልጁን ራሱ ተቀብሏት መኮንኑ ክፍል ገባ።

«ምልክቱ የታለ?» አለ መኮንኑ ወረቀቱን ገልብጦ እያየ።

«ምልክት የለውም። ደረቱን አዳምጠው።»

«ሰልፉን አላየህም እንዴ?»

«አይቻለሁ። ሳታዳምጠው አልወጣም።»

አዳመጠው። የሳንባ ምች ነበር። እናትየው የልጁን መድኃኒት ተቀብላ፣ አወሳሰዱን ሁለት ጊዜ አስደግማ ሰማች። ቺሳላን ሳትሰናበተው ወደ ጀልባዋ ወረደች።

ትንሹ ልጅ ዳነ። የንኮሌ ነገር ግን በደሴቲቱ ተወርቶ ነበርና በዚያ የዝናብ ወራት ከደሴቲቱ አንድም ጀልባ ወደ ጤና ጣቢያው አልመጣም።