ቁም ሳጥን ውስጥ የገቡት እንግዳ

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሰበታ ባለው ቤታችን ስለ ሐዘን የሚያወራ ፖድካስት ጀመርኩ። ቤቱ ገና ኮርኒስ ስላልገባለት ድምፅ ያስተጋባል። ስለዚህ የምቀርፀው ትልቁ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ማስተጋባቱን በሚውጡት በባለቤቴ ካፖርቶች መካከል ተቀምጬ ነው። ባለሙያ በእንግድነት ሲመጣ አዋቂ ለመምሰል ድምፄን አወፍርና ለሁሉም ነገር «ትክክል ነው» እላለሁ።

አንድ ቀን ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የሐዘን አማካሪ ከቡራዩ መጡ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጉልበታችን ተነካክቶ፣ የባለቤቴ ካፖርት እጅጌ ትከሻቸው ላይ ወድቆ፣ «የመጀመሪያው እርምጃ የሟችን ልብስ ከቤት ማውጣት ነው» አሉ።

«ትክክል» ብዬ ጀመርኩና «ነው» ሳልል አቋረጥኩ። ከተስማማሁ ካፖርቶቹ ሊሄዱ ነው፤ ከተቃወምኩ ደግሞ አድማጭ ፊት መዋረዴ ነው።

«እትዬ ሮማን፣ ሰሙኝ?»

«ሰምቻለሁ። እርስዎስ የማንን ልብስ አወጡ?»

ኦቦ ገመቹ እጅጌውን ከትከሻቸው ላይ አላነሱትም።

«የሟች ባለቤቴ ቀሚሶች ሦስት ሻንጣ ሙሉ እስካሁን ቤቴ ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «ለድምፁ ከጠቀሙ እዚህ ላምጣቸው እንዴ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ሳላወፍር መለስኩላቸው፦

«የእኔ ቁም ሳጥን ሞልቷል፣ ኦቦ ገመቹ። እርስዎም በቀሚሶቹ መካከል የራስዎን ፖድካስት ይጀምሩ።»