ያነበብኩት የሸንጎ ውጤት

ከአርዲቦ እስከ ሐይቅ ከተማ ባሉት መንደሮች እንደ እኔ የሚያነብ አልነበረም። ፊደል የለቀምኩት ያለ አስተማሪ፣ ሱቅ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። በንጉሡ ዘመን ለፓርላማ ሲመረጥ ውጤቱን ለሕዝብ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ደርግ ፓርላማውን ዘግቶ፣ ከዓመታት በኋላ የሸንጎ ምርጫ ሲያመጣም የተጠራሁት እኔው ነኝ።

ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንድ ካድሬ፣ አንድ አስተማሪ፣ ለቁጥር ማሟያ የገባ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጎረቤቴ። የእኛ አገር ሰው ሰው ሲያፍር ማየት አይወድም። እያንዳንዱ በልቡ፣ «ካድሬው መቼም ማለፉ አይቀር፤ ይሄ ምስኪን ባዶውን እንዳይገባ የእኔን ልስጠው» ብሎ ኖሯል።

በር ዘግተን ሳጥኑን ስንከፍት የገበሬው ክምር ከሁለቱም በለጠ። ቆጠራውን ሊታዘብ አጠገቤ የቆመው ጎረቤቴ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አያ፣ አሸንፈሃል» አልኩት።

«ዝም በል። አምና ካድሬውን የተናገረው ሰውዬ ከነልጆቹ ለሰፈራ አልተጫነም? ሰባት ነፍስ አለብኝ።»

«እኔ ያልተጻፈ አንብቤ አላውቅም።»

«ዛሬ አንብብ። በአላህ ይዤሃለሁ።»

ካድሬው ከውጭ ሆኖ በሩን በእስክሪብቶ አንኳኳ። «ጓድ፣ ያን ሁሉ ጋዜጣ የጨረስክ ሰው ቁጥር ያቅትሃል?»

አብረውኝ የቆጠሩት ሁለት ሽማግሎች አጎንብሰው በጻፍኩት ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አተሙ። ወጥቼ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ አነበብኩ፤ ካድሬው አሸነፈ፣ ለገበሬው አራት ድምፅ። ተጨበጨበ።

ከወር በኋላ ለቅሶ ቤት አንዱ፣ «ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ» አለ። «እኔም» አለ ሌላው። «እኔም።» ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። ጎረቤቴ ምንጣፉን ብቻ ያይ ነበር። አፌን ብከፍት ሰባቱ ነፍስ አለ፤ እኔም እንደ እሱ ምንጣፉን አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የሚያስነብበኝ ጠፋ። ልጁ ሰሜን የዘመተበት አባት ፖስታውን ይዞ በደጄ አለፈ፤ እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ በእግሩ ሄዶ መነኩሴ አስነበበ። መነኩሴው እየተንተባተበ ግማሽ ቀን ፈጀበት አሉ። እኔ ብሆን በአንድ ትንፋሽ እጨርስለት ነበር።