አርሂባ የቀረችው ኤንትሬ

መኪናዋ የእኔ አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ እሷ ባወራሁ ቁጥር ሰው ሁሉ የራሴ ስለሚመስለው ነው። ባለቤቷ የናዝሬት ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እላቸው ነበር። እኔ ሾፌራቸው ነበርኩ፣ ሌላ ምንም አልነበርኩም።

አሮጌ የጣሊያን ከባድ መኪና ናት፣ ሾፌሮች ኤንትሬ የምንላት ዓይነት። መሪዋ በቀኝ ነው። ሞተሩ ያለው ጋቢናው ውስጥ፣ በሾፌሩና አጠገቡ በሚቀመጠው ሰው መካከል ስለሆነ ክረምት ከበጋ እግር ይጠብሳል። ዳገት ላይ ከጎኗ እየተራመድክ ልታወራት ትችላለህ፣ እንደዚያ ነው የምትዘገየው። ግን ምን እንዳመማት ወዲያው ይሰማሃል። ዛሬ የምነዳው መኪና ሲታመም መብራት ያበራል እንጂ ድምፅ የለውም።

በ1990 ዓ.ም. የአሰብ መንገድ ሲዘጋ መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ እኛም ዞርን። መጀመሪያ አካባቢ ጋሼ አብረውኝ ይወርዱ ነበር። ወደቡ በር ላይ ቀናት እንሰለፋለን። ከመኪናዋ ሥር ምንጣፍ አንጥፈን እንተኛለን፣ ጋሼ ጥላዋን ተከትለው ቦታ ይቀይራሉ። በ1996 በድንገት ታመው በሳምንቱ አረፉ። ባለቤታቸውን እትዬ ነው የምላቸው። የሐዘኑ ድንኳን ሳይነሳ አስጠሩኝና፣ «መኪናዋን አልሸጣትም። አንተም እንዳትሄድብኝ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

አራት ዓመት እንዲሁ ሠራን። በ2000 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ማዳበሪያ ጭኜ ከወደቡ በር እንደወጣሁ ከጎኔ አንድ ነገር ድው አለ። ነጭ ጭስ ጋቢናውን ሞላው። በጅቡቲ ሐምሌ ከበረሃው የሚመጣው ነፋስ አሸዋ እየረጨ ፊት ይገርፋል፤ ዘልዬ ስወርድ ከውስጥ ያለውና ከውጭ ያለው ሙቀት አልተለየኝም።

ካርቲዬ ሁለት በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር የሚኖር የድሬዳዋ ልጅ የሆነ መካኒክ አመጣሁ። የሞተሩን ዘይት ቀዳ አድርጎ አሳየኝ፤ ወተት የተቀላቀለበት ሻይ ይመስላል።

«ብሎኩ፣ ዋናው የሞተሩ አካል፣ ተሰንጥቋል» አለ።

«ይበየዳል?»

«ይበየዳል። ናዝሬት ግን አያደርስህም።»

ማዳበሪያውን ወደ ሌላ መኪና አዛወሩት። ያዛወሩት የወደብ ሠራተኞች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንድ ጎልማሳ የአፋር ሰው አማርኛ ያውቃል። ወጣት ሳለ አሰብ ወደብ ሠርቷል። «እዚያ ሳለሁ ስንት ኤንትሬ ጭኛለሁ መሰለህ!» እያለ በእጁ ጎኗን መታ መታ አደረገ። ቤቱ እዚያው ወደቡ አጠገብ፣ አርሂባ የሚባል ሰፈር ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ባዶ ሜዳ ስለነበረ ጎትተን እዚያ አቆምናት። «እኔ አያታለሁ፣ አታስብ» አለኝ።

ማታውኑ ለእትዬ ደወልኩ።

«አለች?» አሉኝ። እንዲህ ነበር ሁልጊዜ የሚጠይቁት፤ አንድም ቀን «ሠራች?» ብለው አያውቁም።

«አለች፣ እትዬ። ትንሽ ታማለች እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ብሎክ ፍለጋ ገባሁ። አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩት። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ የሞዴሏን ስም ስጠራለት ከመቀመጫው ተነስቶ ትከሻዬን ያዘኝ። እሱም ድሮ ሾፌር ነበር። ግማሽ ቀን ስለ ኤንትሬ አወራኝ፣ ሻይ አጠጣኝ፣ ዕቃው ግን የለውም። ሌላ ቦታ አንድ ብሎክ ተገኘ ተብዬ ሮጥኩ፤ እሱም ተሰንጥቋል።

ጎትተን ወደ አገር እንዳንመልሳት ደግሞ የመንገድ ወረቀቷ ጊዜው አልፎ ነበር። ጅቡቲ ውስጥ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ፈረንሳይኛና አማርኛ እየቀላቀለ ነው የሚናገረው።

«ወረቀቱ የሚታደሰው መኪናዋ ስትታይ ነው፤ አምጣት» አለኝ።

«አትነሳም።»

«እንግዲያው ስትነሳ አምጣት።»

«የምትነሳው አገር ከገባች ነው። አገር ለመግባት ደግሞ ወረቀቱ ያስፈልጋል።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ወረቀቶቼን አሰባስቦ፣ ጠርዛቸውን አስተካክሎ መለሰልኝ። «ይገባኛል» አለ፤ «ግን ምን ላድርግ?» እኔም ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። የቀኑ ጫት ከተማው የሚደርስበት ሰዓት ሆነና ቢሮው ተዘጋ።

በዓመቱ እትዬ አንድ የቻይና መኪና ገዙ። አዲስ ነው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ መሪው በግራ ነው። እሱን ይዤ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ጅቡቲ እወርዳለሁ፤ ወረፋዬን እንደያዝኩ በእግሬ ወደ አርሂባ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ የጠፉት መስታወቶቿ ናቸው። ቀጥሎ የፊት መብራቶቿ። አንድ ጊዜ ስመጣ በድንጋይ ላይ ቆማለች፣ ጎማ የላትም። የአፋሩ ወዳጄ ዓይኔን ማየት አፈረ። «ወደብ ገብቼ ስወጣ ነው ያጣሁት» አለኝ። «ቀን ቀን ጭነት ላይ ነኝ። ሚስቴ ጮኸችባቸው። ምን ታድርግ፣ አራት ሰዎች ነበሩ።»

«ምንም አላልኩህም እኮ» አልኩት።

«አላልክም። ብትል ይሻለኝ ነበር።»

ሰው የወሰደው ቢቀር፣ አየሩ የሚወስደው ይብሳል። የባሕሩ አየር ጨው ነው። ግሪስ ገዝቼ መጋጠሚያዎቿን ቀባሁ። ሸራ አለበስኳት፣ በሚቀጥለው ጉዞ ሸራው የለም። የጋቢናዋ ወለል እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈር ጀመር። አንድ ቀን ወጥቼ ልቀመጥ ስል እግሬ ወለሉን ቀደደው፤ ቁርጭምጭሚቴ ቆሰለ። እዚያው በአንድ እግሬ ቆሜ ለእትዬ ያልነገርኳቸውን ነገር ሁሉ አሰብኩ። የዚያን ዕለት ሲደውሉ ግን ያው ነው ያልኩት።

«አለች?»

«አለች፣ እትዬ።»

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። የመጀመሪያው ውሸት ትንሽ ነበር። ከዚያ በኋላ እውነቱን ለመናገር ያለፈውንም ሁሉ መናገር ግድ ሊሆንብኝ ነው፤ በየጉዞው እያደገ ሄደ። ደግሞም ድምፃቸው ደስ ሲለው እሰማለሁ። ያን ደስታ ለመቁረጥ አቅም አጣሁ።

በ2009 ጥር ላይ ከጅቡቲ ጭነት ለማምጣት ናዝሬት ስሰናዳ እትዬ ትንሽ ሻንጣ ይዘው ከቤት ወጡ። ፓስፖርት አውጥተዋል። ለማንም ሳይናገሩ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ተሰልፈው ያወጡት ነው።

«ውሰደኝ» አሉ። «ሙሽራ ሆኜ ከደሴ ናዝሬት የመጣሁት በእሷ ነው። ሳልሞት ልያት።»

ሁለት ቀን በመንገድ ላይ ነበርን። አዋሽ ላይ ልነግራቸው አሰብኩ፤ ምሳ አዘዝኩ። ሚሌ ላይ «እትዬ» ብዬ ጀመርኩ፤ «ወዬ» አሉኝና ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸውን ሳየው፣ «ውኃ ይጠጡ» አልኳቸው። ጋላፊን ተሻግረን ዲኪል ስንደርስ እሳቸው ስለ ሠርጋቸው እያወሩ ይስቃሉ፣ እኔ የኪሎ ሜትር ድንጋዮቹን እቆጥራለሁ። ቢያንስ ጋቢናዋ አለ፣ የታች ብረቷ፣ ሻንሲዋ፣ አለ፣ አይተው ያለቅሱና ይወጣላቸዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

መኪናውን ከከተማው ዳር ማቆሚያው ላይ ትቼ በታክሲ ወደ አርሂባ ወሰድኳቸው። ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሯል። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳይ ውስጡ የመሠረት ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ ብረት ቆሟል። ኤንትሬ የለችም።

ወዳጄ ከቤቱ ወጣ። በእነዚህ ዓመታት ጸጉሩ ሁሉ ሸብቷል። እትዬን ሲያይ ማን እንደሆኑ ሳልነግረው ገባው።

«መቼ ነው?» አልኩት።

«ሦስት ሳምንት። መሬቱን የገዛው ሰው አንሱልኝ አለ። በጋዝ ቆረጧት። ሁለት ቀን ፈጀባቸው፣ ብረቷ ጠንካራ ነው። ከዚያ ከሌላው ቁርጥራጭ ጋር መርከብ ላይ ጫኑት።» በአገጩ ወደ ወደቡ ጠቆመ፤ «የጫንነው እኛ ነን። ተራዬ ነበር።»

«ለምን አልደወልክልኝም?»

«ደወልኩ። ስልክህ አይሠራም።»

እውነቱን ነው፤ ቁጥር ቀይሬ አልነገርኩትም ነበር።

ሚስቱ ወንበር አወጣችልን። እትዬ በቆርቆሮው አጥር ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ሻንጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እኔን አላዩኝም። ለእሱ ግን፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠብቀህልኛል» አሉት። ሰውየው ወደ ቤቱ ገባ፤ እስክንሄድ አልወጣም።

ከዚያ ሳያዩኝ፣ «ጎማ ነበራት?» አሉኝ።

«አልነበራትም።»

«መስታወትስ?»

«እሱም አልነበረም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለት ሺህ አንድ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ስምንት ዓመት» አሉ። አልጮኹብኝም። ይቅርታ ልላቸው ፈለግሁ፤ ግን ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። መዋሸቴ ነው? ላድናት አለመቻሌ ነው? ታክሲ ልፈልግ ሄድኩ።

ስንመለስ ብዙም አልተነጋገርንም። ጋላፊ ላይ የእኛው አገር የድንበር ሠራተኛ ፓስፖርታቸውን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ ሁለት ቀን ብቻ መቆየታቸው ገርሞት፣

«እናቴ፣ ለምን ጉዳይ ሄደው ነበር?» አላቸው።

«ሰው ልጠይቅ።»

«አገኟቸው?»

«አልደረስኩበትም» አሉ። ልጁ ቀና ብሎ አያቸው፤ ሐዘን ላይ መሆናቸውን ነው የተረዳው መሰለኝ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎ ማኅተሙን መታ። «አሜን» አሉት።

በዚያው ዓመት የቻይናውን መኪና ሸጡት። እኔም ሌላ ባለቤት ጋር ገባሁ። አልተጣላንም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ቤታቸው እሄዳለሁ፣ ምግብ ይሰጡኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል። ስለ ጉዞ ግን አይጠይቁም። «ከየት መጣህ?» እንኳ አይሉኝም። እኔም ጅቡቲ የሚለውን ስም እዚያ ቤት ውስጥ ጠርቼ አላውቅም። ስወጣ በሩ ድረስ ይሸኙኛል፤ እጃቸውን ይዤ አንድ ነገር ልናገር እቆማለሁ፣ እሳቸውም ቆመው ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ደህና ይዋሉ ብዬ እሄዳለሁ።