ለብርድ አገር የተባለችው ቾክ

የሰመራውን መካኒክ ዓይኑን ማየት አልፈልግም። አፋምቦ ሐይቅ ላይ ዓሣ የማጠምድበት የጀልባዬ አሮጌ ሞተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሩ ቆሽሾ እንቢ ቢለኝ፣ በጭነት መኪና አስጭኜ ወሰድኩለት። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲፈታ የኖረ ሰው ነው። የሞተር ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ካየ "ይሄ ለብርድ አገር ነው" ብሎ ነቅሎ ይጥላል። ካርቡራተሬን ፈታትቶ በቤንዚን አጠበው፤ እሰየው። ከዚያ ግን ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ አየር የምታፍነውን ክዳን፣ ቾኳን፣ ነቅሎ ቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ ወረወራት።

"ምን ነካህ?" ስለው፣ "አፋር ላይ ምን ብርድ አለና! ወላሂ ገላገልኩህ" አለኝ። በቀትር ፀሐይ በርሜል ውሃ ውስጥ አቁሞ ገመዱን ቢስበው ባንዴ ተነሳ። ያን ጊዜ የሳቀብኝ ሳቅ! ሞተሬን አስጭኜ ተመለስኩ።

በማግስቱ ንጋት ሐይቁ ላይ፣ ቀዝቅዞ ያደረውን ሞተር ክንዴ እስኪዝል ብስበው ወይ ፍንክች። በመጨረሻ የካርቡራተሩን አፍ በመዳፌ ጥርቅም አድርጌ ስስበው እጄን ቤንዚን በቤንዚን አድርጎ ተነሳ።

ይኸው እስካሁን በየማለዳው የማስነሳው እንደዚያ ነው። ያን አፍ ባፈንኩ ቁጥር የመካኒኩ አፍ ይመስለኛል፤ ሞተሩ ተነስቶ እንኳ እጄን ማንሳት ያስጠላኛል።