ባለ ሰባት ወንበሩ መኪና

ያ መኪና ምነው ባልታሰበ እላለሁ። አባዬ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ፣ እማዬንና እኔን ይዞ ጁባ ውስጥ ሀይ ጀላባ የሚባል ሰፈር ወዳለ የመኪና መሸጫ ሄደ።

"ባለ አምስት ወንበሩ ይበቃናል" አለች እማዬ። "ሦስት ሰው ነን። የሆቴልህን እንግዶች ልትጭንበት ነው እንዴ?"

አባዬ ባለ ሰባቱ ይሻላል ብሎ የመኪናውን በር ከፈተ። እማዬ የነጩን ወንበር ቆዳ እየዳበሰች፣ "ለጁባ አቧራ ጥቁሩ ነው የሚሆነው" አለች።

እኔ በክርክራቸው አፍሬ የመጨረሻው ወንበር ላይ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሻጩ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ አባዬ በአረብኛ ነበር የሚያናግረው። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ጥርት ባለ አማርኛ፣ "ጋምቤላ ነው ያደግኩት፣ አትፈሪ" አለኝ። "ባለፈው ከአባትሽ ጋር የመጡት ታናናሽ ወንድሞችሽ ግን ነጩን ነበር የመረጡት። እዚሁ ወንበር ላይ ሲዘሉ ነበር።"

እማዬ እጇን ከቆዳው ላይ አነሳች።

"ስንት ናቸው?" አለችው።