በመንገድ በኩል ያለው ጎን

ከሐምሌው ተኩስ በኋላ የምግብ ቤቴ በር ቆርቆሮ ነበር። ዋናውን በር ገንጥለው ወስደውታል፤ ማን እንደወሰደው አልጠየቅሁም። ጁባ ላይ ምግብ ቤት የከፈተች ሐበሻ ቶሎ የምትለምደው አንድ መልስ አለ፤ «አና ማ አሩፉ»፣ አላውቅም። ወታደርም ይጠይቃት ጎረቤት፣ መልሱ ያው ነው። ዝም አይነቅዝም።

በዓመቱ አጥራችን ሥር የቆመውን የማሆጋኒ ዛፍ ንፋስ ጣለው። ባለ ግቢው «ውሰጂው» ሲለኝ የታየኝ በር ብቻ ነው፤ ወፍራም፣ በእርግጫ የማይከፈት በር። ቆርቆሮው በተንኳኳ ቁጥር መባነን ሰልችቶኝ ነበር።

ጣውላ የሚያወጣ ሰው ኮር ዊሊያም ከሚባለው ሰፈር አመጡልኝ። የሞተር መጋዙን ከብረት ማቀፊያ ጋር አስሮ ግንዱ ላይ እያንሸራተተ የሚሰነጥቅ፣ ረጅም ዝምተኛ ሰው ነው። አማርኛው ግን ከእኔ የጠራ! ጋምቤላ ነው ያደግሁት አለኝ። እኔ ደግሞ አማርኛ የሚሰማ እንግዳ ሲመጣ ድምፄን እቀንሳለሁ።

ዛፉን ለሁለት ቆረጠና ግንዶቹን ዞሮ ዞሮ አያቸው። ቅርፊቱን በጥፍሩ ጫረ። ከዚያ ቀና ሳይል፣

«እህቴ፣ ያኔ በሐምሌ ተኩሱ በየት በኩል ነበር?» አለኝ።

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ምን አገባው? ማን ላከው? ከየት እንደተተኮሰ ማወቅ ማን እንደተኮሰ ማወቅ ነው፤ ያንን ያወቀ ሰው ደግሞ እንኳን በሩ፣ ራሱም አይተርፍም።

«አላውቅም ወንድሜ። አልጋ ሥር ነበርኩ።»

አልጋ ሥር የገባሁት ካየሁ በኋላ ነው።

«የመንገድ በኩሉስ የትኛው ጎኑ ነው?»

«አና ማ አሩፉ አልኩህ እኮ!»

ትንሽ አየኝና መጋዙን አስነሳ። እኔ አንዱን ሳህን ደጋግሜ እያጠብኩ ለሰው ስልክ ይደውል እንደሆነ በዓይኔ እጠብቀው ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ጣውላ እንደ ሥጋ ቀልቶ ወጣ፤ ለአፍታ ጥርጣሬዬን ረስቼ ደስ አለኝ። ሁለተኛው ላይ ግን መጋዙ ጮኸ፣ እሳት ረጨ፣ ጸጥ አለ። የመጋዙ ሰንሰለት ተበጥሶ አንዱ የብረት ጥርስ የሰውየውን ጉንጭ ከዓይኑ ሥር ቀዶታል። ፎጣ ይዤ ሮጥኩ። በአንድ እጁ ፎጣውን ጉንጩ ላይ ጭኖ፣ በሌላው እንጨቱን በቢላ ፈልፍሎ አንድ ጥይት አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«የጠየቅሁሽ ለዚህ ነበር» አለኝ። «የተመታውን ጎን ካወቅሁ ያንን በወፍራሙ ገፍፌ እጥለዋለሁ።»

ተናደድኩ፤ ያውም በእሱ። ቀድሞ ለምን እንደሆነ አይናገርም? ደግሞስ እውነቱን ይሁን በምን ይታወቃል? ጥይቱን ወስዶ ለሰው ቢያሳይስ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

የቀረው ሰንሰለት አንድ ብቻ ነበር። እሱን እየገጠመ ሁለተኛውን ግንድ አየ፣ ከዚያ እኔን። አሁን አልጠየቀኝም። ይሄኛውም ሰንሰለት ጥይት ካገኘ ለእኔ በር የለም፤ ለእሱ ደግሞ ዓይኑ ይተርፍ አይተርፍ አላውቅም። ይህን እንኳ የምሬን ነው የማላውቀው።

መንገዱን አየሁ። ሰው የለም። የመንገዱ ጎን የቱ እንደሆነ አንድም ቀን ጠፍቶኝ አያውቅም፤ የልብስ ማስጫ ገመዴን የማስርበት የዚህ ግንድ ጉጥ ዛፉ ቆሞ ሳለ በግቢው በኩል ነበር። ነጠላዬን ታጠቅሁና ግንዱን በሁለት እጄ ገፋሁት። አልነቃነቅ ሲል እሱም መጥቶ አብሮኝ ገፋ። ጉጡ ወደ መሬት ዞሮ ሌላው ጎን ወደ ሰማይ ሲሆን እጄን ከግንዱ ላይ አነሳሁ።

«ይሄ ነው?» አለኝ።

«እኔ ምንም አልነገርኩህም።»

ፎጣውን ጉንጩ ላይ እንደያዘ ሳቀ።

«እኔም ምንም አልሰማሁም፣ እህቴ» አለና መጋዙን አስነሳ።